ገመድ አልባ ሴንሰሮችና ራስን ችሎ መኖር
ገመድ አልባ ሴንሰር ሙቀትን፣ ጭስን ወይም እንቅስቃሴን ለክቶ መረጃውን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ ነው። በመኖሪያ ቤት ሲገጠም አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ያግዛል፤ ለምሳሌ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት በተለመደው ሰዓት ከመኝታቸው ካልተነሱ ለቤተሰብ ወይም ለጎረቤት ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋል።

የመሣሪያው ዓይነት እንደየአካባቢው ሁኔታ ይመረጣል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ አቅራቢያ በ2007 ዓ.ም. እንደተከፈተው የጾሬ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባሉ ሥፍራዎች፣ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት አገልግሎት በየቤቱ ይኖራል ተብሎ የሚታቀድ ሥራ ውጤት አያመጣም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ ሎራ የተሰኘው የሬዲዮ ሥርዓት ተመራጭ ነው። አጫጭር መልእክቶችን እስከ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የሚያደርስ ሲሆን፣ ሴንሰሩም በአነስተኛ ባትሪ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። መልእክቶቹን የሚሰበስበው መቀበያ ግን ያልተቋረጠ ኃይል ይፈልጋል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ከሆነ የክረምቱ ደመና ታሳቢ ተደርጎ በቂ ባትሪ ሊኖረው ይገባል።

ይሁንና ሴንሰር የሕንፃን ጉድለት አይሸፍንም። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ምቹ መተላለፊያ፣ የእጅ መደገፊያና ተደራሽ መጸዳጃ ቤት ከሴንሰሩ ይቀድማሉ።

የሚሰበሰበው መረጃ የግል ሕይወትን የሚነካ በመሆኑ የነዋሪው ፈቃድ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ የሚደርስ ሰውም አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል፤ ደራሽ የሌለው ምልክት ሕይወት አያድንም።