የቤት ውስጥ ውሃ ማሞቂያ (ቦይለር) የሰዓት መቆጣጠሪያ አጠቃቀም

በጋዝ ቦይለር የሞቀ ውሃን በየክፍሉ በተዘረጋ ቧንቧ በማዞር ቤትን ማሞቅ በአውሮፓ አገሮች የተለመደ ነው። በአገራችን ጋዝ በቧንቧ ለመኖሪያ ቤቶች ስለማይቀርብ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በሌሎች የምዕራብ ጎጃም ከተሞች «ቦይለር» ሲባል የሚታወቀው የገላ መታጠቢያ ውሃ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በሚፈለገው ሰዓት ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገው የሰዓት መቆጣጠሪያ (ታይመር) ደግሞ በሶኬት ላይ የሚሰካ ወይም በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠም ነው።

50 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 1,500 ዋት ኃይል ያለው ቦይለር ይህን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ያከናውናል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ቢሞቅ በ30 ቀን ከ70 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህም ብቻውን ዝቅተኛው ታሪፍ የሚሰላበትን የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፋል። ታይመር ይህን መጠን አይቀንስም። የሚያስቀረው ውሃው ሳይፈለግ እየቀዘቀዘ፣ ቦይለሩም ደጋግሞ እያሞቀ የሚባክነውን ኃይል ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው በሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው። የታይመሩ ሰሌዳ ከ0 እስከ 24 የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሲሆን የእኛ አቆጣጠር ግን ከንጋትና ከምሽት 12 ሰዓት ይነሣል። ስለሆነም በቀን ሰዓት ላይ 6 ይደመራል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሰሌዳው 9 ነው። ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይደመራል፤ ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ካለው ላይ ደግሞ 6 ይቀነሳል። የቤተሰቡ አባላት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚታጠቡ ከሆነ ቦይለሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ቢጀምር በቂ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ይህ 4:30 ሲሆን መዝጊያው 6:30 ይሆናል። ይህን ሳያስተውል 10:30 ብሎ የሞላ ሰው ቦይለሩ የሚሠራለት ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ሁሉም ሰው ወደ ሥራና ትምህርት ቤት ከሄደ በኋላ ነው። በእጅ የሚዞር ታይመር ያለው ቤተሰብ ከፈለገ የሰሌዳውን 24 ቁጥር በንጋት 12 ሰዓት ላይ አድርጎ በራሱ አቆጣጠር ሊጠቀምበት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የቀኑ ሰዓት እንዳለ ይነበባል፣ በሌሊቱ ላይ 12 ይደመራል።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በእጅ የሚዞረው ታይመር አብሮ ይቆማል። ኃይል ለ3 ሰዓት ቢቋረጥ ሰሌዳው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ስለሚቀር መብራት ሲመለስ መስተካከል አለበት። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይህ ችግር የለበትም፤ መብራት ተደጋግሞ በሚጠፋባቸው አካባቢዎች ዋጋው ቢወደድም ይመረጣል።

የእንጀራ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ቦይለሩ እንዳይሠራ ማድረግ ተገቢ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድና 1,500 ዋት የሚወስድ ቦይለር በአንድ ላይ በ220 ቮልት 23 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ ይህ ደግሞ ባለ 20 አምፔር ብሬከርን የሚጥል፣ ቀጭን ሽቦንም የሚያግል ጭነት ነው። ታይመሩም ራሱ የቦይለሩን ኃይል መሸከም ይኖርበታል። የመሸከም አቅሙ በጀርባው ላይ ስለሚጻፍ ከመግዛት በፊት በቦይለሩ ላይ ከተጻፈው ዋት ጋር ይመሳከራል።

የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ የቦይለሩ ጋን ባዶ ከሆነ ታይመሩ ተዘግቶ መቆየት አለበት፤ ውሃ የሌለው ማሞቂያ ይቃጠላል። የሞቀ ውሃ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ ያለማቋረጥ ሲወርድ ጋኑ መሙላቱ ይረጋገጣል። ታይመር መዝጋቱ ከአደጋ ይጠብቃል ብሎ ማመንም አይገባም፤ የቦይለሩ አካል የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ሊኖረው፣ ኃይል ሲያፈስ የሚያቋርጥ ብሬከርም ሊገጠምለት ይገባል። ሲነኩት የሚነዝር ቦይለር በብሬከር ተዘግቶ በባለሙያ ሳይታይ አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም።

ከከተማ ወጣ ባሉ፣ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ክረምትን በከሰል ምድጃ የሚያሳልፉ ቤተሰቦች ምድጃውን በዘጉት ክፍል ውስጥ አድርገው መተኛት የለባቸውም፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ከቆጣሪው ወደ ቤት ያለው የሽቦ ዝርጋታ የደንበኛው ኃላፊነት ስለሆነ የታይመርና የቦይለር ገጠማ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሠራል። በቆጣሪ ወይም ከምሰሶ በሚመጣው መስመር ላይ ብልሽት ሲታይ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 የጥሪ ማዕከል ወይም በአቅራቢያው ለሚገኝ ጽሕፈት ቤት ይመለከታል። በሚደወልበት ጊዜ በክፍያ ደረሰኙ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር ይዞ መቅረብ አገልግሎቱን ያፋጥናል።