«ጎሲፕ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከክብር ወደ ሐሜት የወረደበት ታሪክ

በእንግሊዝኛ «ጎሲፕ» ማለት ዛሬ ሐሜት፥ አሉባልታ፥ የሰው ገመና እያነሡ የሚያወሩት ከንቱ ወሬ ነው። ተማሪዎቻችንም ቃሉን በዚሁ ትርጉም ብቻ ስለሚያጠኑት፥ የተወለደው በጥምቀት ሥርዐት ላይ መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ «ጎድሲብ» ይባል ነበር። «ጎድ» እግዚአብሔር፥ «ሲብ» ዘመድ ማለት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው ሕፃኑን በጥምቀት የተቀበለውን የክርስትና አባት ወይም እናት አመለከቱ፤ እኛ አበ ልጅ የምንለው ዝምድና ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ቈጥራ በመካከሉ ጋብቻን ትከለክል ነበር። የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1014 ዓ.ም. ባዘጋጀው ስብከት የሕዝቡን ኀጢአት ሲዘረዝር፥ እነዚህ የመንፈስ ዘመዶች በየአገሩ መጥፋታቸውን ከከባዱ በደል ጋራ ቈጥሮታል።

ከዚህ በኋላ ትርጉሙ ሰፍቶ የልብ ወዳጅን ሁሉ ያዘ። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፥ የባዝ ከተማዋን ሴት ምስጢር ከቄሱ አብልጣ የምታውቀውን ባልንጀራዋን የጠራት በዚህ ስም ነው።

ነገሩ የተለወጠው በምጥ ቤት ነው። በእንግሊዝ አገር ሴት ስትወልድ ዘመዶቿና ጎረቤቶቿ ይሰበሰባሉ፤ መስኮቱ ይጋረዳል፤ በጠላ ወይም በወይን የተሠራ ቅመም ያለበት ትኩስ መጠጥ ይቀርባል፤ ወንድ ግን አይገባም። እነዚያም ሴቶች «ጎሲፕ» ተባሉ። ንግግራቸው ከንቱ አልነበረም። ያላገባች ሴት ስትወልድ የልጁን አባት ስም በምጥ ጊዜ ጠይቀው በዳኛ ፊት ይመሰክሩ ነበር። ስለዚህ የሚፈራና የሚከበር ቃል ነበራቸው።

ይሁን እንጂ ከደጅ የቀረው ወንድ ያልሰማውን ነገር በክፉ ጠረጠረ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ቃሉ ወሬ አመላላሽ ሴት ማለት ሆነ። በዚያው ዘመንና በተከታዩ በስኮትላንድና በእንግሊዝ፥ ምላሰኛ የተባለችውን ሴት ምላስ የሚጫን የብረት ልጓም በራሷ ላይ አጥልቀው በአደባባይ ያዞሯት ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ዓ.ም. መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም፥ የክርስትና ዋስን፥ የመጠጥ ጓደኛንና እንደ አራስ ጠያቂዎች ወሬ የሚያዞር ሰውን በዚህ በአንድ ቃል ሥር አስፍሯል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ወሬው ራሱ ይህን ስም ወሰደ።

የፈረንሳይኛው «ኮሜር» የተባለ ቃልም መጀመሪያ የክርስትና እናት ማለት ሲሆን፥ በኋላ ወሬኛ ሴት የሚል ትርጉም ይዟል። በሁለቱም አገር የወረደው የሴቶች ጉባኤ መጠሪያ መሆኑን ልብ ይሏል።

በእኛ ዘንድ አበ ልጅ ከነክብሩ አለ። አራስ ቤት ተሰብስበው ገንፎ እየበሉ የሚጨዋወቱ እናቶችም ወላድን የሚያጽናኑ፥ ልምድን የሚያወርሱ ናቸው። እንግዲህ የሌላውን ጨዋታ ሳንሰማ «ወሬ ነው» ከማለታችን በፊት፥ ፍርዱ የተሰጠው ከውስጥ ይሁን ከደጅ መጠየቅ ይገባናል። ቃል የሚዋረደው በተናጋሪው ጥፋት ብቻ አይደለምና።