ፋጡማ ሮባ፦ ቀድማ ደርሳ የተዘነጋችው

የኢትዮጵያ ማራቶን ሲነሳ አበበ ቢቂላ ይጠራል፣ ማሞ ወልዴ ይከተላል፣ ገዛኸኝ አበራም አይቀርም። የሴቶች ሩጫ ሲነሳ ደግሞ ደራርቱ፣ ጥሩነሽ፣ መሠረት ይባላል። ፋጡማ ሮባ ግን ከሁለቱም ወገን ትዘለላለች። ፋጡማ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። እስቲ ይህን ሮቤ ወይም ጎባ ያለ አንድ ተማሪ ጠይቁት።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግኖ ያን ውድድር ቀረ። በ1981 ሴኡል ላይም ለሰሜን ኮርያ አጋርነት ተብሎ ቡድናችን አልሄደም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሴቶች ማራቶኖች ያለ እኛ ተሮጡ። ለሯጭ 8 ዓመት አንድ ሙሉ ትውልድ ነው። ያ ትውልድ የሮጠው ለራሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

በሩን በ1984 ባርሴሎና ላይ የከፈተችው ደራርቱ ቱሉ ናት። ከአራት ዓመት በኋላ እንደ እሷ ከበቆጂ የወጣች፣ የገበሬ ልጅ የሆነች የ22 ዓመት ወጣት አትላንታ ላይ ቆመች።

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ገና በጅምሩ ጀርመናዊቷ ኡታ ፒፒግ ወደ ፊት ሮጠች። ፋጡማ አልተደናገጠችም። ጊዜዋን ጠብቃ ግማሹ መንገድ ሳይደርስ ተነጥላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ የደረሰባት የለም። 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ሁለተኛ የወጣችው የባርሴሎናዋ ባለ ወርቅ ሩሲያዊቷ ቫለንቲና ዬጎሮቫ ነበረች፤ የገባችው ድፍን 2 ደቂቃ ዘግይታ ነው።

በማግስቱ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን አሸነፈ። ኢትዮጵያ ከአትላንታ ያገኘችው ወርቅ ሁለት ብቻ ነው፤ የፋጡማና የኃይሌ። የአንዱ ስም በየቤቱ ገባ፣ የሌላዋ ደበዘዘ።

የአንድ ቀን ዕድል ነበር እንዳንል ቦስተን አለ። በ1989፣ በ1990 እና በ1991 በተከታታይ አሸነፈች። በቦስተን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊትም እሷው ናት። የመጀመሪያውን ድል ስታገኝ ከኋላዋ ከቀሩት መካከል ያለፉትን ሦስት ዓመታት ያሸነፈችው ፒፒግ ነበረች። በ1992 አራተኛውን ፍለጋ ሄዳ ሦስተኛ ወጣች፤ ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ካትሪን ንዴሬባ ናት። በኦሎምፒክ ማራቶን እሷን የምትተካ ኢትዮጵያዊት እስክትገኝ 16 ዓመት ፈጀ፤ በ2004 ለንደን ላይ ቲኪ ገላና።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ላምጣ። በዚያው አትላንታ ሩሲያዊቷ ጂምናስቲከኛ ስቬትላና ኾርኪና በአግዳሚ ዘንጎች ወርቅ አገኘች፤ ሲድኒ ላይ ደገመችው፣ አቴንስም ደረሰች፤ ኋላም የሩሲያ ምክር ቤት አባል ሆነች። በእርግጥ ጎበዝ ነበረች። ነገር ግን ሩሲያ ውስጥ ልጅቷን በሕፃንነቷ ተቀብሎ የሚያሳድግ የስፖርት ትምህርት ቤት አለ። ያ ሥርዓት ጨካኝ ጎን እንዳለው አውቃለሁ፤ ሕፃናትን ያደክማል፣ ይሰብራልም። ቢሆንም አንዲት ልጅ እንዴት ባለ ድል እንደምትሆን በዕድል አይተወውም።

እኛ ዘንድ «አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው» ይባላል። እውነት ከሆነ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከበቆጂ ብዙም አትርቅም፣ ሕዝቡም አንድ ነው። ታዲያ የባሌ ስም እንደ በቆጂ ለምን አልገነነም? በቆጂ ሥንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበራት፤ ደራርቱንና ቀነኒሳን በልጅነታቸው ያሠለጠነ። ልዩነቱን የፈጠረው ሰው ነው።

ለእንግዳ ሶፍ ዑመርንና ሳነቴን ስናሳይ ተፈጥሮ ምን ያህል እንደቸረን እንናገራለን። ልክ ነው። ከፍታም ግን እንደ ዋሻው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሀብት ነው፤ ሜዳ የሚያዘጋጅ፣ ሰዓት የሚይዝ፣ የልጅቷን አባት ሄዶ የሚያሳምን ሰው ይፈልጋል። ሴት ልጅ ስትሆን ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል።

ለዚህ ነው የፋጡማ መዘንጋት የሚያሳስበኝ። አባቱን ለማሳመን የሚሄድ መምህር የሚጠቅሰው ስም ያስፈልገዋል። ያ ስም አለን፤ ከጎረቤት የወጣ ነው። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለመጻፍ ደግሞ በጀት አይጠይቅም።