የእንጦጦ ቁርና የፍልውሃ ሙቀት

ስለ ሐሩር ምድር የሚነገረውን ብቻ ሰምቶ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ወደምትገኘው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ፣ ከፀሐይ ንዳድ የሚጠለልበትን ጥላ ሲያስብ ቆይቶ በኅዳር ሌሊት ጋቢ መደረብ ግድ ሲሆንበት ይደነቃል። አየሩን የሚወስነው ግን የምድር ወገብ ቅርበት ብቻ አይደለም፤ ሰው 1000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ብርዱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይበረታል። ይህንንም አበው በመሣሪያ ሳይለኩ በኑሮ መርምረው፣ አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለውታል። አዲስ አበባ መካከሏ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ወይና ደጋው ከደጋው በሚዋሰንበት ሥፍራ ያረፈች ናት፤ የቆረቆራትም አየሩ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን ያጸኑት ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ሥፍራው ዙሪያውን አሻግሮ ለማየትና ጠላትን ለመከላከል የተመቸ፣ የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽም የተገኘበት ስለ ነበረ፣ ለመንግሥት መቀመጫ የተገባ መስሎ ታየ። ነገር ግን ነፋሱ ድንኳን የሚገለብጥ፣ የክረምቱ መብረቅ የሚያስፈራ፣ ቁሩም አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ሆነ፤ ለማገዶ የሚሆነውም ዛፍ ዕለት ዕለት እየተመነጠረ አለቀ። ከተራራው ግርጌ ግን የኦሮሞ ሕዝብ ፊንፊኔ በሚለው ሜዳ ላይ፣ ከምድር ሆድ የሚፈልቀው ትኩስ ውሃ በማለዳው ብርድ እንፋሎቱን እያትጎለጎለ ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱም ለጠበል ወደ ፍልውሃ እየወረዱ የሜዳውን ልስላሴ ስለ ወደዱት፣ ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ መኳንንቱና ሠራዊቱም እየተከተሉ ወረዱ። ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ የመንግሥቱ ኑሮ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ወደ ሜዳው ሆነ።

ብርዱ ግን በሜዳውም አልለቀቀም፤ ቤት ሁሉ ምድጃ፣ ምድጃም ሁሉ እንጨት የሚሻ ነበርና፣ የአዲስ አበባ ጫካ እንደ እንጦጦው መራቆት ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ ቀድሞው ልማድ ከተማ ለመቀየር አስበው፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለቤት ማገር የሚደርስ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መናገሻው ከሥፍራው ሳይነቃነቅ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በ4 ወቅት ይከፍሉታል፤ ክረምት ከሰኔ 26፣ መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 ይጀምራል። ክረምቱ በዓመት ከሚዘንበው 1100 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም አብዛኛውን የሚያወርድ ነው። በሐምሌ ብዙውን ጊዜ ማለዳው ብራ ሆኖ ይነጋል፤ ወደ ቀትር ደመናው በእንጦጦ ራስ ላይ ይከማቻል፤ ነጐድጓዱ ከተሰማ በኋላ ዶፉ፣ አንዳንዴም በረዶው ይወርዳል፤ ቀበናና ግንፍሌም ደፍርሰው ይሞላሉ። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን መንገደኛ ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ከዳር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። የዐድዋ ክተት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ታውጆ ሠራዊቱ በጥቅምት ከአዲስ አበባ የተነሣው፣ ጭቃው ሳይደርቅ ወንዙም ሳይጎድል ዘመቻ የማይሞከር ስለ ሆነ ነው።

ዝናሙ ሲያባራ ብርዱ የሚቀር ለሚመስለው እንግዳ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በክረምት ሌሊቱን እንደ ጋቢ የሸፈነው ደመና በጥቅምት ይገፈፋል፤ ቀን ከፀሐይ የተገኘው ሙቀት በጠራው ሰማይ ሽቅብ ያመልጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት በከተማው ዳርቻ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚታየውም ስለዚህ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል ከዚህ ብርድ የመነጨ ምክር ነው። ቀኑ የሚሞቀው በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ሲሆን፣ የበልጉ ዝናም በመጣ ጊዜ ይበርዳል። በዚያ ወራት እንኳ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ክረምት ሲገባም የቀኑ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ይህችን ከተማ ለመጎብኘት የምታስብ ሁሉ፣ ጉዞህ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ ይሆንልሃል፤ ጥር 11 ቀን በጃን ሜዳ የሚከበረውን ጥምቀትም በብሩህ ፀሐይ ታያለህ። በክረምት ብትመጣ ጉዳይህን ከቀትር በፊት ፈጽም፤ ጃንጥላህንም ከእጅህ አትለይ። በማናቸውም ወር ቢሆን ግን በቀን ባርኔጣ፣ በሌሊት ተደራቢ ልብስ ያስፈልግሃል፤ በከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ፀሐይዋ ሳታሞቅ ፊት ታቃጥላለችና። በመጀመሪያው ቀንም ወደ እንጦጦ ለመውጣት አትቸኩል፤ ትንፋሽህ ከአገሩ ከፍታ ጋር እስኪለማመድ በዝግታ ተራመድ።