ክራንክ ሻፍት ሲመረጥ፦ ከቀጥቃጭ መዶሻ እስከ ቱርቦ ሞተር

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የአጎቴ ልጅ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዞ አያታችን ቤት ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ለሁለት የተሰበረ ክራንክ ሻፍት ነበር፤ ሙሳኽ ውስጥ "ጋል አርኩባ" የሚሉት፣ የፒስተኑን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው የሞተር ዘንግ። ልጁ ከሠራዊት ሲወጣ ካገኘው ገንዘብ ግማሹን የበላ ሞተር ነው። ሻጩ "ፎርጅድ ነው፣ አትስጋ" ብሎት ነበር።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነበር። አያቴ ግን መነጽራቸውን አድርገው የተሰበረውን ፊት በጣታቸው ዳሰሱና "ይሄ ባንድ ቀን የተሰበረ አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው የሞተው" አሉ።

አያቴ ጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ያወቅሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ቤታችን ውስጥ አይወራም። ለምን እንደማይወራ ብዙዎቻችሁ ሳትገምቱት አትቀሩም። ቤተ እስራኤል ርስት ካጡ በኋላ ኑሯቸውን ከመሠረቱባቸው ሥራዎች አንዱ የብረት ሥራ ነበር። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ግን "ቡዳ" ይለዋል፣ ቀን ሰው ሌሊት ጅብ ነው ብሎ ይፈራዋል። (እውነቱን ለመናገር የኛም ሰዎች በንጽሕና ሕጋቸው ምክንያት ከሌላው ጋር አይነካኩም ነበር፤ መራራቁ ካንድ ወገን ብቻ የመጣ አልነበረም።) አያቴ ወደዚህ አገር ሲመጡ መዶሻውንም ወሬውንም እዚያው ትተው መጡ። ያን ቀን ግን ብረቱ ራሱ አናገራቸው።

የተናገሩትን ይዤ ቤተ መጻሕፍት ስገባ ነገሩ 1842 ላይ አደረሰኝ። በዚያ ዓመት ሜይ 8 ቀን ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የሚመለስ፣ ከንጉሡ በዓል የሚመጡ ሰዎች የሞሉበት ባቡር ነበር። የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስል ተሰበረ። ፉርጎዎቹ ተደራረቡ፣ እሳት ተነሣ፣ በሮቹ ተቆልፈው ስለነበር ከ50 በላይ ሰው እዚያው አለቀ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የሚያምነው፣ ብረት በመንቀጥቀጥ ብዛት ውስጡ ይለወጥና ተሰባሪ ይሆናል የሚለውን ነበር። በ1843 ግን ዊልያም ራንኪን የተባለ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ የተሰበሩ አክስሎችን አይቶ ሌላ ነገር አለ። ስንጥቁ የሚጀምረው ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚሻገርበት ሹል ጥግ ላይ ነው፤ ከዚያ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል። መፍትሔውም ጥጉን በሰፊው ክብ ማድረግ፣ ያንን ቅርጽ ደግሞ ገና ማሽን ሳይነካው በመዶሻ ማውጣት ነው፣ የብረቱ ጅማት እንዳይቆረጥ።

ይህን ለአያቴ ሳነብላቸው ብዙም አልተደነቁም። "ብረት እንደ እንጨት ጅማት አለው። በመዶሻ ካጠፍከው ጅማቱ አብሮህ ይታጠፋል፤ ከቆረጥከው ይከዳሃል" አሉኝ። ወናፍ እየነፋ ካደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኋላ ኋላ ማረሻና ቢላ የሚሠሩት ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነበር፤ ጥሩ ብረት የቱ እንደሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ራንኪን ትክክል መሆኑን በቁጥር ያሳየው የፕሩሲያ ባቡር መሐንዲሱ አውጉስት ቮለር ነው። በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ባደረገው ረጅም ሙከራ፣ ብረት አንድ ጊዜ ብቻ ቢጫንበት ከሚሰብረው በጣም ባነሰ ጭነት፣ ጭነቱ ከተደጋገመ እንደሚሰበር አረጋገጠ። የብረት ድካም የምንለው ይህ ነው። የአጎቴ ልጅ ብረት ላይም በዓይን ይታያል፦ አብዛኛው የስብራት ፊት ለስላሳ ነው፣ የባሕር ሞገድ አሸዋ ላይ የሚተወው ዓይነት መስመር አለው፤ መጨረሻ ላይ የተበጠሰው ትንሹ ክፍል ብቻ ሻካራ ነው። መስመሮቹ የሚነሡት ደግሞ ከአንገቱ ጥግ ነው።

እንግዲህ ሻጩ ዋሽቶ ነበር? አልዋሸም፤ ክራንኩ እውነትም ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ጎኑ ላይ ያለውን መስመር ማየት ይበቃል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ቀጭን መስመር አለው፤ ፎርጅዱ ሰፊና የተሞረደ። ቀልጦ የፈሰሰውንም አትናቁት። ፎርድ በ1930ዎቹ ለቪ8 ሞተሩ የፈሰሰ ክራንክ ተጠቅሞ ብዙ መኪና ሸጧል፤ ለቤተሰብ መኪና ዛሬም ይበቃል። ከድፍን ብረት ተፈልፍሎ የሚወጣው "ቢሌት" ደግሞ ጅማቱ የተቆረጠ ቢሆንም የብረቱ ጥራት ያካክሰዋል። በፋብሪካ የማይገኝ ልክ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ለሌላው፣ በኔ አስተያየት፣ ስሙ ነው የሚሸጠው።

የኛው ችግር ሌላ ቦታ ነበር። ሞተሩ የላንሰር ኢቮሉሽን 4ጂ63 ነው፦ የሲሊንደሩ ስፋት 85 ሚሊ ሜትር፣ ስትሮኩ፣ ማለትም ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት፣ 88። የአጎቴ ልጅ ከ4ጂ64 የወጣ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ክራንክ ገዝቶ 2.0 ሊትሩን ወደ 2.3 አሳደገው። ስትሮከር የሚባለው ይህ ነው። አሁን አንድ ስሌት አብራችሁኝ ሥሩ። ክራንኩን በዘንጉ አቅጣጫ ብታዩት ዋናው አንገትና ታልታሉ የሚታሰርበት አንገት በከፊል ይደራረባሉ፤ ጥንካሬው ያለው እዚያ መደራረብ ላይ ነው። ዋናው 57፣ የታልታሉ 45 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱ ግማሽ ሲደመር 51። ከዚህ የስትሮኩን ግማሽ ቀንሱ። በ88ቱ 7 ሚሊ ሜትር ይደራረባሉ፤ በ100ው 1 ብቻ! በዚያ ላይ ያ አሮጌ ክራንክ አንገቱ በማሽን ተፍቆ ነበር፤ የፋቀው ሰው ክቡን ጥግ ሹል አድርጎ ተወው። ራንኪን በ1843 አታድርጉ ያለውን ማለት ነው።

ፍጥነቱም አለ። 88ቱ በደቂቃ 8,000 ዙር ሲሽከረከር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 23.5 ሜትር ነው። 100ው በዚያው ዙር 26.7 ይደርሳል። ልጁ ደግሞ ክራንኩን ቀይሮ የዙሩን ገደብ ሳይነካው ተወ። (ይህን ስጽፍ ተቆጥቶኛል፤ ግን እውነት ነው።)

ቱርቦ የሚጨምረው ሌላ ዓይነት ጭነት ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሺ በ1905 ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ፣ በሚወጣው ጭስ ጉልበት ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ መግፋት ነው። ሲሊንደር ውስጥ ግፊቱ 100 ባር ቢደርስ፣ በዚያ ስፋት ባለው ፒስተን ላይ ወደ 5.8 ቶን ይጫናል፤ የሚቀበለው ያ አንገት ነው። ስለዚህ አየሩን ቱርቦው ከሰጠ ስትሮክ ማስረዘም ሁልጊዜ ግድ አይደለም። በ1983 ኔልሰን ፒኬት የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት የቢኤምደብልዩ ባለ ቱርቦ ሞተር 1.5 ሊትር ነበር፣ ስትሮኩም 60 ሚሊ ሜትር ብቻ። ረጅም ስትሮክ የሚጠቅመው ቱርቦው ቶሎ እንዲነሣና መኪናው በዝቅተኛ ዙር እንዲጎትት ነው፤ ለመንገድ መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስት ማታ ተከራከርን። እኔ የፋብሪካው 88 ይመለስ አልኩ፤ እሱ የሚፈልገውን 600 የፈረስ ጉልበት ብዙ ሰው በዚያው አግኝቷል። እሱ 2.0 አይበቃኝም አለ። መጨረሻ ላይ አዲስ፣ ባለ 94 ሚሊ ሜትር፣ 4340 ከሚባለው ኒኬል፣ ክሮምና ሞሊብደነም ካለበት ብረት የተቀጠቀጠ ክራንክ ገዛ። መደራረቡ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገደቡን 7,500 ላይ ሲያደርገው የፒስተኑ ፍጥነት ተመልሶ 23.5 ይሆናል። ላዩ በናይትሮጅን የጠነከረ ስለሆነ ማንም እንዳይፍቀው አስምሎኛል፤ ያ ጠንካራ ሽፋን ስስ ነው።

ክራንኩ ሲመጣ በማግኔት ስንጥቅ አስመረመረው፣ ከዚያ አያቴ ዘንድ አመጣው። እሳቸው በገመድ አንጠልጥለው እንዲይዝ አዘዙትና በትንሽ መዶሻ ጫፉን መቱት። ድምፁ እንደ ደወል ቆየ። ከዚያ በጥፍራቸው የእያንዳንዱን አንገት ጥግ ዞረው ዳሰሱ፣ ሁሉንም፣ ሳይቸኩሉ፤ እያደረጉም የወናፉን ቆዳ ማን ይሰፋላቸው እንደነበር ነገሩን። እኔ ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ።

ሞተሩ ገና አልተነሣም። ፒስተኖቹ ጉምሩክ ላይ ናቸው።