ልደታ፣ ጄኔቫ እና የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው ዕውቅ የጨረታ ቤት አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ «2497» በሚለው የሞዴል ቁጥር የሚታወቅ ሰዓት ነው። ባለቤቱ የነበሩት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸው ሰዓት ነበር። ያው ሰዓት በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለጨረታ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከመሸጫው ዕለት በፊት ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲቀርብ፣ መጀመሪያ ከተገመተለት ዋጋ እጅግ በላይ አወጣ።

ወርቁ ይህን ያህል አያወጣም። 37 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰዓት ስንት ግራም ወርቅ ይኖረዋል? የሞዴሉ ብርቅነትም ቢሆን ብቻውን እዚህ ዋጋ ላይ አያደርሰውም፤ ሌሎች 2497ቶች ከዚያ ባነሰ ተሸጠዋል። ገዢው የከፈለው ለታሪኩ ነው። ታሪኩ ደግሞ የኛ ነው።

ጄኔቫ ለኢትዮጵያ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የገባችው በዚያች ከተማ በር ነው፤ በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲዞሩ ጄኔቫን ጎብኝተዋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ በስደት ላይ ያሉት ንጉሠ ነገሥት ከማኅበሩ መድረክ ቆመው ስለ ጣሊያን ወረራ፣ ስለ መርዝ ጋዙ ተናገሩ። ያ ጉባኤ ፊቱን አዞረባቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ቆይተው ወደ ስዊዘርላንድ የተመለሱት በሙሉ ክብር፣ የነጻ አገር መሪ ሆነው ነው። ሰዓቱ የዚያ መመለስ ማስታወሻ ነው። እኔ ይህን ሳስብ 2.9 ሚሊዮኑ አይበዛብኝም። የሚያንገበግበኝ፣ ያን ታሪክ ለገዢው የተረከለት የጨረታው ካታሎግ መሆኑ ነው።

ሰዓቱ በተበረከተበት በ1947 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚበር ሰው አውሮፕላኑን የሚሳፈረው በልደታ ሰፈር ከነበረው የአውሮፕላን ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ የልደታ ዘመን ነው፤ በ1950ዎቹ የቦሌ ማረፊያ እስኪከፈት ድረስም የከተማዋ የአየር በር ልደታ ነበረ። «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው የሰፈር ስም ዛሬም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ልደታ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን የኖሩባት ቦታም ናት። በሰፈሩ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ካህናት ሰዓታቱንና ቅዳሴውን የሚያደርሱት ከንጋት በሚጀምረው በኛ አቆጣጠር ነው። ሜዳው ላይ ያለው አብራሪና የሬዲዮ ሠራተኛ ግን ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የዓለም ሰዓት ካልሄደ ከካይሮም ከአስመራም ጋር አይግባባም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ማለዳ፣ አንዱ «አንድ ሰዓት» ሲል ሌላው «ሰባት» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

የእጅ ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ይህን ክፍተት የሞላው ማንም ሳያስተምር በገባ ብልሃት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ ፊቱ ላይ የኛ ቁጥር ሁልጊዜ ከፈረንጁ ቁጥር ትይዩ ነው። ትንሹ ዘንግ 7 ላይ ሲያርፍ ፊት ለፊቱ ያለው 1 ነው፤ 10 ላይ ሲያርፍ 4። ሌሎች ደግሞ ዘንጉን ራሱን አዙረው በሀገር ቤት አቆጣጠር ይሞሉታል። ቀን የሚያሳይ መስኮት ያለው ሰዓት በዚህ መንገድ ከተሞላ ደስ የሚል ነገር ይከሰታል፦ ቀኑ የሚቀየረው ዘንጎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ስለሆነ፣ አዲሱ ቀን የሚወጣው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ወይ ንጋት ላይ ወይ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። የስዊዝ ወይም የጃፓን ማሽን፣ ማንም ሳይነካካው፣ የኛን ቀን ይቆጥራል።

ወሩ ላይ ሲደርስ ግን ማሽኑ ይሸነፋል። የንጉሠ ነገሥቱ 2497 «ዘላለማዊ» የሚባለው ካላንደር ያለው ነው፤ የዕለቱን ስም፣ ቀኑን፣ ወሩንና ጨረቃን ያሳያል። ሠላሳ አንድ ቀን ያለውን ወር ከሠላሳው ይለያል፤ ፌብሩዋሪ በአራት ዓመት አንዴ 29 መሆኗን ያውቃል፤ ካልቆመ በቀር እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ማረሚያ አያስፈልገውም። ይህ ሁሉ ጥበብ በሸሚዝ እጅጌ ሥር በሚገባ ዕቃ ውስጥ መጠቅለሉ በእውነት ያስደንቃል። ለኢትዮጵያ ካላንደር ግን አይሠራም። አሥራ ሁለት ባለ ሠላሳ ቀን ወሮችን ማሽን ለመቁጠር አይቸገርም፤ ለሰዓት ሠሪ ከፈረንጁ ይልቅ የኛ ይቀልለዋል። ጳጉሜን የምትገባበት ቦታ ግን በዚያ ማሽን ውስጥ የለም። ከሚያሳያቸው ነገሮች ለሁለቱም አቆጣጠር እኩል የሚያገለግሉት የዕለቱ ስምና ጨረቃዋ ናቸው።

ጳጉሜን ካነሣን፣ የኢትዮጵያ ስም በሰዓት ቆጣሪዎች መዝገብ ላይ ደምቆ የተጻፈው በዚያች አጭር ወር ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመኑ የመጨረሻ ዕለት ነበር፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። የውድድሩን ጊዜ የያዘው ኦሜጋ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሮም ጊዜውን በሦስት ደቂቃ ያህል አሻሽሎ ድሉን ሲደግም ጊዜ ያዡ ሴይኮ ሆነ። ጃፓን ሰዓቶቿ ከስዊዝ ጋር እንደሚስተካከሉ ለዓለም ያሳየችው በዚያ ኦሊምፒክ ነው። ከዚያ በኋላ ሴይኮ በብዙ የኢትዮጵያ መምህርና መኮንን እጅ ላይ ታየ። እነዚያ ሰዓቶች የጨረታ ቤት አይገቡም። ስለ ብርቅ ሰዓት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ግን ሊንቃቸው አይገባም፤ የአንድ ትውልድ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ የምርቃት ስጦታ፣ የሠርግ ሽልማት ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ሰጪም ነበሩ። ምስላቸው ወይም ዘውዳቸው ያረፈበት የወርቅ ሰዓት ለውጭ እንግዳ፣ ለባለሟል፣ ላገለገለ ሰው ይሸለም ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ጀምበር ትርጉማቸው ተገለበጠ። ትናንት ኩራት የነበረው ዘውድ በእጅ ላይ ሲታይ የሚያስጠይቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰዓት እንደ ሰነድ ሳይሆን እንደ ወርቅ መታየቱ አያስገርምም። ለወርቅ አንጥረኛ የሚሰጠው ወርቁ እንጂ ታሪኩ አይደለምና። የልደታ ሰፈርም ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በመልሶ ማልማት ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ሲተካ፣ በየቤቱ ሣጥን ሥር ያለው ሁሉ ከነዋሪው ጋር ተነቅሎ ሄዷል። ቤት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሹ ዕቃ ነው።

በመንገድ ዳር በመስታወት ሣጥን ኋላ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ የጀርባውን ክዳን ሲከፍት ቆም ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። መጀመሪያ ዓይኑ ላይ ማጉያውን ይሰካል፤ ከዚያ ክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ጥቃቅን ምልክቶችን ይፈልጋል። ከሱ በፊት ሰዓቱን የከፈቱ ሠሪዎች የተዉት ቀንና ፊርማ ነው። ለሰብሳቢ ያ ጭረት ከማሳመሪያ ሁሉ ይበልጣል። ብዙ ሰው ግን ሰዓቱን «አዲስ አስመስልልኝ» ብሎ ይሰጣል፤ ክዳኑ ይቦረሻል፣ ፊቱ እንደገና ይቀባል፣ ዘንጎቹ ይቀየራሉ። ሰዓቱ ያብረቀርቃል፤ ዋጋውም ታሪኩም አብረው ይወርዳሉ። የተቀባ ፊት ላይ የንጉሥ ምስል ማተምም አስቸጋሪ ስላልሆነ፣ ምስሉን ብቻ አይቶ ገንዘብ ማውጣት ለመታለል መዘጋጀት ነው።

ፓቴክ ፊሊፕ በማኅደሩ ያለውን መረጃ ለባለቤቶች ይሰጣል፦ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሸጠ። ማን እንዳሰረው፣ በማን እጅ ተሰጥቶ ወደ ማን እንደተላለፈ ግን ማኅደሩ አይነግርም። ያ የሚገኘው በቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ በደብዳቤ፣ በአያት ቃል ነው። ስለዚህ የአያታቸው ሰዓት በመሳቢያ ውስጥ ያለ ሰዎች ለመሸጥም ሆነ ለማስቀመጥ ከመወሰናቸው በፊት ለታመነ ሰዓት ሠሪ አስከፍተው የውስጡን ቁጥር ፎቶ ያንሡት፤ አያቱ ሰዓቱን አስረው የተነሡበትን ፎቶግራፍ ይፈልጉ፤ ማን ሰጣቸው፣ በየትኛው ዓመት፣ ስለ ምን ሥራ የሚለውን በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቀው፣ ቀኑን ከነጳጉሜኑ በኛ አቆጣጠር ጽፈው፣ ወረቀቱን ከሰዓቱ ጋር በአንድ ላይ ያኑሩት።