ለእጅ ውኃ ፓምፖች የሚሆን ግራሶ አመራረጥና አቀባብ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት የምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች፣ ከጎዛምን እስከ ማቻከልና ስናን፣ የገጠሩ ነዋሪ የመጠጥ ውኃ ከሚያገኝባቸው ተቋማት አንዱ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ ነው። ፓምፑ ሲጮኽ ወይም እጀታው ሲከብድ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ግራሶ መቀባት ነው። ይሁን እንጂ ግራሶ የሚያስፈልገው ለሁሉም ዓይነት ፓምፕ አይደለም፤ በሚያስፈልገው ፓምፕ ላይም የሚቀባው የተወሰነ ክፍል ብቻ ነው። ያለቦታው የተቀባ ግራሶ የፓምፑን ዕድሜ ከማሳጠሩም በላይ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የመንደሩን የመጠጥ ውኃ ሊበክል ይችላል። በመሆኑም የውኃ ኮሚቴዎችና የፓምፕ ተንከባካቢዎች ግራሶ ከመግዛታቸው በፊት የተቋማቸውን የፓምፕ ዓይነት ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

አፍሪዴቭ

አፍሪዴቭ ግራሶ አይቀባም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማላዊ ተጀምሮ በኬንያ የዳበረው ይህ ፓምፕ የመንደሩ ነዋሪዎች በጥቂት መሣሪያ ራሳቸው እንዲጠግኑት ታስቦ የተሠራ ነው። እጀታው የሚንቀሳቀስባቸው ቦኮላዎች ከፕላስቲክ የተሠሩ በመሆናቸው ያለምንም ቅባት ይሠራሉ። ግራሶ ቢቀባባቸው አቧራና ደቃቅ አሸዋ ይለጠፍበታል፤ ድብልቁም እንደ ሞረድ ሆኖ ፕላስቲኩን ይበላዋል። የአፍሪዴቭ እጀታ መወላወል ወይም መጮኽ ከጀመረ መፍትሔው ያለቀውን ቦኮላ መለወጥ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የፒስተን ጎሚኒም በራሱ በውኃው ስለሚለሰልስ በሚገጠምበት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ከማራስ ያለፈ ነገር አይጠይቅም።

ኢንዲያ ማርክ

ግራሶ በእርግጥ የሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሕንድ ለተሠራው ኢንዲያ ማርክ 2 ነው። በዚህ ፓምፕ እጀታውን ከጉድጓዱ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ከደረቀ ይዝጋል፣ በቀላሉ መታጠፍ ይሳነዋል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። ሰንሰለቱ በተበጠሰበት ዕለት ውኃ ይቆማል፤ እናቶችና ልጃገረዶችም ወዳልተጠበቀው ምንጭ ይመለሳሉ።

ሰንሰለቱ በወር አንድ ጊዜ ይታያል። የፊት ሽፋኑ ብሎን ተፈትቶ ከተከፈተ በኋላ አሮጌው ግራሶ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። በዚህ ጊዜ ናፍጣ ወይም ቤንዚን መጠቀም የተከለከለ ነው፤ የሚንጠባጠበው በቀጥታ ወደ ውኃው ስለሚወርድ ነው። ቀጥሎ አዲሱ ግራሶ በትንሽ ብሩሽ በስሱ ይቀባል፤ እጀታው ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ሲደረግም በሰንሰለቱ መጋጠሚያዎች መካከል ይገባል። እጀታው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ጣት በሰንሰለቱ አጠገብ መኖር የለበትም። ተርፎ የሚታየው ግራሶ ተጠርጎ ይነሣል። በተለይ ከሰንሰለቱ በታች ያለው ዘንግ ውኃው ውስጥ ስለሚገባ ጨርሶ ሊቀባ አይገባም። ግራሶ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው ልማድ ከመኪና ጋራዥ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ለመጠጥ ውኃ ግን አይሠራም።

የእጀታው ኩሽኔታዎች በሚገጣጠሙበት ጊዜ ግራሶ የተሞላላቸውና ዝግ ናቸው። ድምፅ ካሰሙ ተንከባካቢው ሊከፍታቸው ሳይሆን ለወረዳው ባለሙያ ሊያሳውቅ ይገባል።

የግራሶው ዓይነት

ግራሶ ዘይት በሳሙና መሰል ማወፈሪያ ረግቶ የሚዘጋጅ ቅባት ነው። የዘይቱ ዓይነት ቢለያይም ከውኃ ጋር ሲገናኝ የሚኖረውን ጠባይ በዋናነት የሚወስነው ማወፈሪያው ነው። በሶዲየም የተዘጋጀው ውኃ ስለሚያሟሟው ለፓምፕ አይሆንም። በካልሲየም የተዘጋጀው ውኃን በሚገባ ይቋቋማል። ከፍተኛ ሙቀት አለመቻሉ እንደ ጉድለት ቢቆጠርም የእጅ ፓምፕ ሰንሰለት ስለማይግል ችግር አያስከትልም። በሊቲየም የተዘጋጀውና ለአብዛኛው ማሽን የሚያገለግለውም ይሆናል። ለኢንዲያ ማርክ ሰንሰለት የሚመከረው ግራፋይት ያለበት ጥቁር ግራሶ ነው፤ ቅባቱ ቢሳሳም እንኳ ግራፋይቱ ብረቱ ላይ ይቀራል። በጣሳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ውፍረቱን ያመለክታል፤ ቁጥር 2 የሆነው እንደ ለጋ ቅቤ ያለ ውፍረት ስላለው ከሰንሰለቱ አይፈስም። ለምግብ ፋብሪካ ማሽኖች የተፈቀደ «ኤች 1» የሚል ምልክት ያለበት ከተገኘም ይመረጣል።

ሁለት ዓይነት ግራሶ መደባለቅ አይመከርም፤ ማወፈሪያዎቹ ካልተስማሙ ቅባቱ ይቀጥንና ይፈስሳል። ከመኪና ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ጎጂ ኬሚካሎችና የብረት ቅንጣቶች ስላሉበት በየትኛውም የውኃ ተቋም ላይ መዋል የለበትም። ርካሽነቱ የሚያሳስት በመሆኑ ኮሚቴዎች በዚህ ረገድ ጥብቅ ቁጥጥር ሊያደርጉ ይገባል።

የገመድ ፓምፕ

በግቢ ጉድጓድ ላይ በሚተከለው የገመድ ፓምፕ የሚቀባው መዘውሩ የሚዞርበት አክስል በቦኮላዎቹ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ገመዱ የሚሳበው ከአሮጌ ጎማ የተሠራው መዘውር ይዞት ስለሚዞር፣ ቅባት የነካው ገመድ ይንሸራተታል፤ የያዘውንም ቅባት ወደ ጉድጓዱ ይዞ ይወርዳል። በሚቀባበት ጊዜ የጉድጓዱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል።

ቅባት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ

በውኃው ላይ የዘይት ነጠብጣብ ከታየ ወይም ውኃው የዘይት ሽታ ካመጣ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ መጠቀም ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ክሎሪን መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ክሎሪን ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ዘይት አያስወግድም። ኮሚቴው የፓምፑን ዓይነት፣ የተቀባውን ቅባትና የተቀባበትን ቀን መዝግቦ ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፤ ጉድጓዱ ዳግም አገልግሎት የሚጀምረውም ባለሙያ ውኃውን አስወጥቶ ካጣራና ከመረመረ በኋላ ነው። ግራሶ ከተቀባ በኋላም እጀታው እንደከበደ ከቀጠለ ችግሩ ከታች በቧንቧው ወይም በፒስተኑ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ደግሞ ከመቀባት ይልቅ ለዚሁ ጽሕፈት ቤት የጥገና ጥያቄ ማቅረብ ይገባል።